ቆጮ ብቻውን አይበላም

ክትፎ የለመደ ሰው ቆጮው፣ አይቡ ወይም ጎመኑ ቢጎድልበት ቅር ይለዋል፤ ነገሩ የጣዕም ይመስለዋል። እነዚህ ምግቦች ግን በአንድ ገበታ የተገናኙት መጀመሪያ በአንድ ጓሮ ስለተገናኙ ነው። በጉራጌም ሆነ በሲዳማ ቆጮ የሚገኝበት እንሰት የሚተከለው ቤት ተጠግቶ ነው፤ ከበረት የሚወጣው ፍግ ሩቅ ሳይጓዝ ሥሩ ይደርሳል። ሣር በሚደርቅበት በጋ ደግሞ ቅጠሉ ተቆርጦ ለከብቶቹ መኖ ይሆናል። ጎመኑም የሚበቅለው በዚያው በደለበ አፈር ነው።

እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ከመሬት በታች ያለው ወፍራም አካሉ ነው። ዱር በቀሉ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሲገኝ፣ አልምታ ዋና ምግብ ያደረገችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው በእሱ እንደሚኖር ይገመታል። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በወራት የሚታጨደውን ጤፍ አስበው ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። ዳሩ ግን ጤፍ ቀን አለው፤ በዚያ ወቅት ዝናብ ከቀረ ዓመቱ አለቀ። እንሰት ቀን የለውም። በአንድ ጓሮ የዘንድሮው ችግኝና የስድስት ዓመቱ ጎልማሳ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ፣ የደረሰው በተፈለገ ጊዜ ይነቀላል፤ በክፉ ቀን ያልደረሰውም ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ አሚቾ ይሆናል። ተፍቆ ጉድጓድ የገባው ደግሞ በኮባ ተሸፍኖ እየተብላላ ለወራት ይቆያል፣ በደጋማ ቦታ ከዚያም በላይ። ጎተራውም ማሳውም አንድ ነው ማለት ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢ አይደለም ይባላል። ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ፍርዱ ግን ቆጮን ከገበታው ነጥሎ የሚሰጥ ነው፤ ባለቤቶቹ እንዲያ በልተውት አያውቁም። ከቆጮ የሚሠራው የሲዳማው ቡርሳሜ በቅቤ ይርሳል፣ እርጎም ይከተለዋል፤ የጉራጌው ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል። ተክሉ የጎደለውን ከላሟ ይወስዳል፣ ላሟም የበጋ መኖዋን ከተክሉ።

ስለዚህ ስጋቱን መፈለግ ያለብን ሌላ ቦታ ነው። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ባልጸዳ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ የፍቂያው ድካምም ከሞላ ጎደል በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ለሁለቱም፣ አዝጋሚ ቢሆንም፣ መላ ይገኛል፤ ቢላዋውን በእሳት ማሳለፍ ይቻላል፣ መፋቂያ መሣሪያም ተሠርቷል። የመሬት መጥበብ ግን ይከብዳል። የግጦሽ ቦታ ያጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሸጠው ላሟን ነው። በዚያች ቀን የሚወጣው ከብት አንድ ቢሆንም ፍጉም፣ አይቡም፣ ቅቤውም አብረው ይወጣሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የእንሰቱ ግንድ ይቀጥናል፣ ቆጮውም ባዶውን ይቀርባል።