ዶክትሬት እንቀጥል ወይስ ይቅርብን?



የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ በጀመዓችን ውስጥ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ከመግሪብ በኋላ ጫማችንን እያደረግን፣ በካፌ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ በዶርም ጨለማ ውስጥ ተኝተን እንጠያየቃለን፦ «ማስተርስ፣ ከዚያም ፒኤችዲ እንቀጥል ወይስ ሥራ እንፈልግ?» አንዱ «ዒልም ነው፣ ቀጥል» ይላል። ሌላው «ወረቀት እንጀራ አይሆንም» ይላል። ሁለቱም መልሶች ችኩል ናቸው። እኛም የዘንድሮ የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች መምህራንንና ቀደም ብለው የተመረቁ ወንድሞችንና እህቶችን ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

ዶክትሬት ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ዶክትሬትን ከማስተርስ ቀጥሎ እንዳለ ክፍል እናየዋለን፤ ዘጠነኛ ያለፈ አሥረኛ እንደሚገባው ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እስካሁን የተማርነው ሰዎች የደረሱበትን ዕውቀት ነው። ዶክትሬት ደግሞ ገና ያልተመለሰን አንድ ጥያቄ ይዞ፣ መልሱን ፈልጎ፣ በመርማሪዎች ፊት መሟገት ነው።

ምሳሌ ከሲቪል ኢንጂነሪንግ እንውሰድ። የጤፍ ገለባ አመድ ከፊሉን ሲሚንቶ ሊተካ ይችላል ወይ? ጥያቄው አጭር ነው። ግን ገለባው በምን ያህል ሙቀት ይቃጠል? ምን ያህሉን ይተካ? ኮንክሪቱስ ከዓመታት በኋላ ጥንካሬው እንዳለ ይቆያል? የኮንክሪት ጥንካሬ እንደ ደንቡ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ናሙናው ከተበላሸ ሌላ 28 ቀን መጠበቅ ነው። የዶክትሬት ኑሮ አብዛኛው ይኸው ነው፤ መሞከር፣ መጠበቅ፣ መሳሳት፣ እንደገና መጀመር።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም

ቁርኣን ቤት ያደግን ልጆች ይህን መንገድ እናውቀዋለን። ሰሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከሰማት ሰው ከራሱ አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዟል። የወሎ ደረሳም ወደ ዳና ወይም ወደ ሌላው የዒልም መንደር ሲጓዝ የሚፈልገው ሕንጻውን ሳይሆን ሸኹን ነበር፤ ለነሕው አንዱ ዘንድ፣ ለፊቅህ ሌላው ዘንድ ይቀመጣል። ደረሳ ከደረሳ ሲገናኝ የሚጠያየቀው «ማን ዘንድ ቀራህ?» ብሎ ነው።

የዶክትሬትም ነገር እንዲሁ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አያኮራን። የሚያማክረን መምህር ማን ነው? ተማሪዎቹ በስንት ዓመት ጨረሱ? ስንቶቹ አቋረጡ? ጽሑፋቸውን አንብቦ ይመልሳል? ይህን መምህሩን ሳይሆን የቀድሞ ተማሪዎቹን እንጠይቅ።

ጊዜና ገንዘብ

በሀገራችን ከማስተርስ በኋላ መደበኛው ጊዜ አራት ዓመት ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረዝማል። በአውሮፓ ከማስተርስ በኋላ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል፤ ግን 5 እና 6 ዓመት የተለመደ ነው። በ23 ዓመቱ የጀመረ ሰው 30ን ሊደፍን ሲል ይጨርሳል ማለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በኢንጂነሪንግ ዶክትሬት ከኪስ ተከፍሎ የሚማሩት ነገር መሆን የለበትም። በአሜሪካ በማስተማር ወይም በምርምር የሚያግዝ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ተሰርዞለት የወር አበል ማግኘቱ የተለመደ ነው። በጀርመንና በስዊድን ብዙዎቹ የዶክትሬት ተማሪዎች ደመወዝተኛ ናቸው። በሳዑዲ የንጉሥ ዐብደላህ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ወጪውን ይሸፍናል። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም ዶክትሬትን ይጨምራል። ስለዚህ «ተቀብለናችኋል፣ ግን ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ መጥቶ መውጫው የወለድ ብድር ብቻ ከሆነ መልሳችን ግልጽ ነው። በሪባ የተገዛ ዒልም በረካው ምን ሊሆን ነው?

አበሉ ቢገኝም አንድ ሰው ያኖራል እንጂ ቤተሰብ አያኖርም። ወላጆቻችን አምስት ዓመት ጠብቀውናል። የተቸገሩ ወላጆችን መርዳት ለሚችል ልጅ ፈርድ ነው። ዶክትሬት ደግሞ ቢበዛ ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ አንዱ ካደረገው ከሌላው ይወርዳል። የእናታችንን ጉዳይ ግን ማንም በእኛ ፋንታ አያነሳልንም። ከመካከላችን አንዱ የቤቱ የመጀመሪያ ተመራቂ ነው፤ ከእሱ ሥር ሦስት ተማሪዎች አሉ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ታናሹን ካስመረቀ በኋላ ለማመልከት ወስኗል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ስላወቀ ነው።

እህቶቻችን ደግሞ «ይህን ሁሉ ከተማርሽ ማን ያገባሻል?» ይባላሉ። ወንዶቹን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መፍትሔው ሕልምን መደበቅ ሳይሆን ከኒካሕ በፊት ከወሊይና ከአጩው ጋር በግልጽ መነጋገር ነው።

ኒያችንን እንመርምር

ከስማችን ፊት «ዶ/ር» እንዲባልልን፣ ሥራ ስላጣን ወይም ከሀገር ለመውጣት ብቻ ከሆነ እንቆም። እነዚህ ምክንያቶች የመጀመሪያው ሙከራ ሲበላሽ ሰውን አያቆሙም። ሥራ አጥነትም ከአምስት ዓመት በኋላ ሊጠብቀን ይችላል፤ በግንባታ ሳይትና በፋብሪካ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ልምድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ወይም ምርምር መሥራት ለሚፈልግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በማስተርስ ሌክቸረር፣ በዶክትሬት ረዳት ፕሮፌሰር ይኮናል።

ራሳችንን የምንፈትንበት ቀላል መንገድም አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ስንሠራ ማንም ሳይቆጣጠረን እስከ ሌሊት ያቆየን ጥያቄ ነበር? ወይስ ያቆየን የማስረከቢያው ቀን ነው? በመስካችን የታተሙ ሦስት አዳዲስ ጽሑፎችን እናንብብ። አንብበን «ይህስ ቢሆን?» ካልን መልካም ምልክት ነው። ጥያቄ ካላገኘን አናፍርም፤ ሥራ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይሰጣል።

በመጨረሻ ሹራ እና ኢስቲኻራ አለልን። ሦስት ሰዎች እንጠይቅ፦ የጨረሰ፣ ያቋረጠ፣ ጭራሹንም ያልጀመረ። ከዚያ ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዓ ሰግደን ዱዓውን እናድርግ። ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም። አጣርተን፣ ተማክረን፣ ወደ አላህ አስጠግተን እርምጃ መውሰድ ነው። በሩ ቢከፈት አልሐምዱሊላህ፤ ቢዘጋም አልሐምዱሊላህ።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ወላሁ አዕለም።