ቁሌቱ ቅዳሜ፣ ፍርፍሩ ማክሰኞ

አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቹን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለተማሪ ሰርቪስ የሚያደርስ ቤተሰብ የሥራ ቀን ቁርሱ ባብዛኛው ዳቦ በሻይ ነው። ፍርፍሩ፣ ፉሉ፣ ቅንጬውና ጨጨብሳው ለቅዳሜና እሑድ ይቆያሉ። ለምን ቢባል መልሱ “ጊዜ የለም” ነው። እውነት ነው፣ የለም። ይሁንና ጊዜውን የሚጨርሰው የትኛው ሥራ እንደሆነ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ፍርፍር ራሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁሌቱ ከተንተከተከ በኋላ እንጀራውን ቆራርሶ ማገላበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ሰዓቱን የሚወስደው ሽንኩርት መላጡ፣ መክተፉ፣ ማቁላላቱና በርበሬው እስኪበስል መጠበቁ ነው። ፉልም እንደዚያው ነው። የበሰለውን ባቄላ ደቆስ አድርጎ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ማድረግ ምንም አይደል፤ ባቄላው ግን ተዘፍዝፎ ማደር፣ ከዚያም ረጅም ሰዓት መቀቀል አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬ እዚህ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሩብ ኪሎ ባቄላም ሆነ አንድ ኪሎ ባቄላ ምድጃ ላይ የሚቆዩት ተቀራራቢ ሰዓት ከሆነ፣ ሩብ ሩቡን አራት ጊዜ መቀቀል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ መግባት ያለበት ያለቀለት ቁርስ ሳይሆን ይህ ሰዓት የሚፈጀው ግማሽ ሥራ ነው።

ለሀበሻ ጓዳ ይህ ባዕድ አሠራር አይደለም። ሽሮ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ የተቀመጠ ድካም ነው፤ በምግቡ ሰዓት የሚቀረው ማፍላት ብቻ ነው። በሶም ገብሱ ቀድሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ድርቆሽና ቋንጣም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የባልትናው ዘዴ አንድ ነው፦ ለባክቴሪያና ለሻጋታ የሚያስፈልገውን ውሃ ማስወጣት። ቁሌትና የተቀቀለ ባቄላ ግን ውሃቸው ከወጣ ሌላ ምግብ ይሆናሉ። ፍሪዘር ውሃውን ሳያስወጣ ያስረዋል፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተሕዋስያን መራባት ያቆማሉ። አይሞቱም፣ ይቆማሉ እንጂ። ልዩነቱ ወደ በኋላ ስለ ጥንቃቄ ስናወራ ይመጣል።

ሁሉም ምግብ ግን ብርድ አይስማማውም፤ ወሳኙ የመቀዝቀዙ ፍጥነት ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈጣን ማቀዝቀዣ ሥራውን የጀመረው፣ ቀደም ሲል የዛሬዋ ካናዳ አካል በሆነችው ላብራዶር ሳለ በኃይለኛው ብርድ በቅጽበት በረዶ የሆነ ዓሣ ሲቀልጥ ጣዕሙና ሥጋው እንደነበረ መሆኑን አስተውሎ ነው። ምግብ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚሠራው የበረዶ ቅንጣት ደቃቅ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ትልቅ ይሆንና የምግቡን ሕዋስ ይበሳዋል። የቤት ፍሪዘር ቀርፋፋ ነው። ቲማቲም ወጥቶ ሲቀልጥ ውሃ የሚሆነው፣ ቃሪያ የሚልፈሰፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለቁሌት ግን ይህ ጉዳት አይደለም፤ የሽንኩርቱ ሕዋስ ሲቁላላ አስቀድሞ ፈርሷልና በረዶው የሚያበላሽበት የቀረ ነገር የለም። የተቀቀለ ባቄላና ቅንጬም ይችሉታል። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ድንች ውሃ ቋጥሮ ይፈረካከሳል፣ ገንፎም አይመከርም፤ ዱቄቱ ካለ ገንፎ ራሱ ፈጣን ምግብ ነው። ዳቦ፣ ቂጣና እንጀራ ደግሞ ፍሪዘር እንጂ ፍሪጅ አይወዱም። ስታርች የሚጠነክረው ከዜሮ በላይ ባለው ቅዝቃዜ በፍጥነት ነውና ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ካደረው ቶሎ ይደርቃል። ለጨጨብሳ ቂጣውን ጋግሮ፣ በመሃል በመሃል ወረቀት አድርጎ ማቀዝቀዝ፣ ጠዋት ምጣድ ላይ አሙቆ ቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ማሸት ይቻላል።

ቁሌቱ ላይም ቅቤ ቀድሞ አለመጨመር ጥቅም አለው። በዘይት ብቻ የተሠራ ቁሌት ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55ቱንም ቀን ያገለግላል፤ በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤ ወይም እንቁላል ጠዋት ይገባበታል። ከአንድ ድስት የጾመኛውም የልጆቹም ቁርስ ይወጣል። ቅመሙም ቢሆን ኮረሪማውና መከለሻው በስተመጨረሻ ሲነሰነሱ ነው መዓዛቸው የሚቆየው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍሉ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለተሕዋስያን መራቢያ ነው። አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት ዳር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ በሰፊ ትሪ ወይም በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ፣ ከተቻለ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማብረድ ያስፈልጋል። ከዚያ ዚፕ ባለው ላስቲክ የአንድ ቀን ድርሻውን ብቻ ከቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ በእጅ ዳምጦ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ጠፍጠፍ አድርጎ ማስተኛት ነው። ጠፍጣፋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል፣ ጠዋትም ቶሎ ይቀልጣል። ማታ ወደ ፍሪጅ ካወረዱት ሲነጋ ለድስት ዝግጁ ነው፤ ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ግን አይገባም። የቆሙት ተሕዋስያን የሚነሡት ያኔ ነውና ሲሞቅም ለብ ማድረግ አይበቃም፣ መንተክተክ አለበት። ቀኑን ላስቲኩ ላይ መጻፍ የሚረሳ ትንሽ ነገር ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ቢበላ ጥሩ ነው።

“መብራት ቢጠፋስ?” የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። የሞላ ፍሪዘር በሩ ሳይከፈት ከቆየ ቅዝቃዜውን 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ባዶው ቦታ በውሃ ጠርሙስ ቢሞላ ይረዳል። የጥቂት ሰዓት መቋረጥ እንግዲህ አያሰጋም። ቤት ሰው በሌለበት መብራት ጠፍቶ ምግቡ ቀልጦ እንደነበረ ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ ውሃ በስኒ አቀዝቅዞ በበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ። ሳንቲሙ ታች ወርዶ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ ምግቡም መጣል አለበት። መብራት በተደጋጋሚ ቀኑን ሙሉ በሚጠፋበት ሰፈር ግን የወር ስንቅ ማከማቸት አላዋጣም ባይ ነኝ፤ የሳምንቱን ብቻ መያዝ ይሻላል። ፍሪዘሩ በአንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሳጥን ከሆነችም ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ስለማትደርስ ሒሳቡ ያው ነው።

ከረመ የሚባለውን ምግብ ብዙ ሰው ይጠላል፤ ያለቀለት ፍርፍር ቢቀዘቅዝ ጥላቻው ተገቢ ነው፣ እንጀራው ይላሽቃልና። ቁሌቱ ብቻ ሲቀዘቅዝ ግን ጠዋት የሚቀርበው ትኩስ ፍርፍር ነው። አሜሪካ ያሉ ብዙ ሀበሾች ቁሌቱንም እንጀራውንም በፍሪዘር የሚያኖሩት ለዚህ ነው። ይልቅ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ቅሬታ አለ፤ “ይህ ሁሉ የእናትየውን የሥራ ቀን ጠዋት አቅልሎ ቅዳሜዋን መውሰድ ነው” የሚል። ለፍሪዘር ተብሎ የተለየ የምግብ ቀን ከተበጀ አዎ፣ ነው። ለቅዳሜ ወጥ የሚቁላላ ሽንኩርት ግን መቼም አይቀርም፤ አንዱን ኪሎ ሦስት ማድረግ የሚጨምረው በአብዛኛው የመላጡንና የመክተፉን እጅ ነው፣ እሱም ለባልና ለደረሱ ልጆች የሚከፋፈል ሥራ ነው። ቁሌቱ ካለ ደግሞ የማክሰኞውን ፍርፍር አባትየውም ሆነ የ15 ዓመቱ ልጅ ይሠራዋል፤ “ወጥ መሥራት አልችልም” የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም።