ለፀረ-አረም የሚቀዳው ውሃ

በሐምሌና በነሐሴ የጤፍና የስንዴ ማሳ አረም ሲወርሰው፣ የጀርባ መርጫ ያዘለ ገበሬ ውሃ የሚቀዳው ከቅርቡ ነው፤ ከቦይ፣ ከኩሬ ወይም ክረምት ካደፈረሰው ወንዝ። መድኃኒቱን ሲገዛ ዋጋ ተከራክሯል፣ ጊዜው አለማለፉን አይቷል፣ መጠኑንም ለክቷል። ስለ ውሃው ግን የሚጠይቅ የለም። ለሔክታር 1 ሊትር የሚረጭ መድኃኒት በ200 ሊትር ውሃ ቢበጠበጥ፣ 15 ሊትር በሚይዝ መርጫ ውስጥ መድኃኒቱ 75 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ውሃ ነው። አረሙ አልሞት ሲል መድኃኒቱም ሻጩም ይታማሉ፤ ውሃውን የሚጠረጥር ግን እምብዛም አይገኝም።

ውሃ አጥብቆ የሚመርጠው ግላይፎሴት ነው፤ ብዙዎች ራውንድአፕ በሚለው የንግድ ስም የሚያውቁት፣ ከዘር በፊት ሰርዶንና እንግጫን ለማጥፋት የሚረጨው። ይህ ኬሚካል አረም መግደሉ ከመታወቁ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ለሌላ ሥራ ነበር፤ እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉ ማዕድናትን በፈሳሽ ውስጥ አጥብቆ ለመያዝ። አረም ገዳይነቱ የተደረሰበት በ1970፣ ለገበያ የቀረበው በ1974 ነው። ማዕድን የመያዝ ጠባዩ ግን ዛሬም አብሮት አለ። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ከማዕድኑ ጋር ይጣበቃል፤ እንደተጣበቀ ቅጠል ላይ ቢያርፍም ወደ ተክሉ ውስጥ መዝለቅ ያቅተዋል።

ጭቃ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ግላይፎሴት መሬት ሲነካ በሸክላ አፈር ብናኝ ላይ ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ ከተረጨ ከቀናት በኋላ በዚያው ማሳ መዝራት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ይኸው ነገር መርጫው ውስጥም ይደርሳል። በደፈረሰ ውሃ የተበጠበጠ ግላይፎሴት ገና ማሳው ሳይደርስ ከአፈር ተገናኝቷል። በነጠላ ማጥለል ገለባና አሸዋውን ያስቀራል፣ ኖዝሉም እንዳይደፈን ይረዳል፤ የሸክላው ብናኝ ግን በጨርቅ ያልፋል። ውሃውን በበርሜል አሳድሮ ከላይ ከላይ መቅዳት የተሻለ ነው።

ለመፈተን ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ውሃውን በባልዲ ሞልቶ ሳንቲም መጣል ነው፤ ሳንቲሙ ከሥር በደንብ ካልታየ ያ ውሃ ለግላይፎሴት አይሆንም። የማዕድኑን ነገር ሳሙና ይናገራል፤ አረፋ አልወጣ ብሎ ነጭ እንክትካች የሚያንሳፍፍ ውሃ ካልሲየም በዝቶበታል። ሳሙና የማያጋልጠው አንድ ጉድለት ግን አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውሃው ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ አረፋ እየሰጠም ቢሆን ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ አሚን የተባለ ፀረ-አረም ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ቱ ፎር ዲ አሚን በካልሲየማም ውሃም ዝቃጭ ሠርቶ ኖዝል ሊደፍን ይችላል። ኤስተር የሚባለው የቱ ፎር ዲ ዓይነት በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲበረታ ተንኖ ወደ ጎረቤት ሽምብራ ወይም አትክልት ስለሚሻገር ሌላ ጣጣ አለው።

እኔ ደጋግሜ የምመክረው ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ነው። የመርጫው ወቅት ክረምት ነው፤ ዝናቡም ያኔ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ በርሜል የተጠራቀመ ውሃ ካልሲየምም ጭቃም የለበትም ማለት ይቻላል። ለሩብ ሔክታር የሚያስፈልገው 50 ሊትር፣ ሁለት ተኩል ጀሪካን ነው። ማሳው ሩቅ ከሆነ በአህያ መጫን ይጠይቃል፤ ቢሆንም መድኃኒት ገዝቶ ሁለተኛ ከመርጨት እጅግ ይረክሳል።

የጉድጓድ ውሃ ብቻ ላለው፣ በሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም አሞኒየም ሰልፌት ግላይፎሴቱ ከመግባቱ በፊት በውሃው ማሟሟት ይረዳል። ሰልፌቱ ካልሲየሙን ይይዛል፣ አሞኒየሙ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ቅጠል እንዲዘልቅ ያግዛል። ዩሪያ ሰልፌት ስለሌለው ይህን አይተካም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መጨመርም ለሁሉም መድኃኒት አይበጅም፤ ሰልፎኒል ዩሪያ የሚባሉት የስንዴ ፀረ-አረሞች በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻሉ።

የውሃው ብዛትም እንደ መድኃኒቱ ነው። ግላይፎሴት በተክሉ ውስጥ ስለሚዘዋወር ውሃው ባይበዛ ይመርጣል፤ የነኩትን ቅጠል ብቻ የሚያደርቁት ግን ቅጠሉን በሙሉ እንዲያለብሱ በርከት ያለ ውሃ ይፈልጋሉ።

ናፍጣም መበጥበጫ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ለእንጨታማ ቁጥቋጦ ግንድ ብቻ። አውስትራሊያ ውስጥ ፕሮሶፒስ የተባለውን ቁጥቋጦ ለማጥፋት በዘይት የሚሟሟ ትራይክሎፒርና ፒክሎራም 1 ሊትሩ በ60 ሊትር ናፍጣ ተበጥብጦ የግንዱ ግርጌ ዙሪያውን ይረጫል፤ ናፍጣው ቅርፊቱን ሰርጎ መድኃኒቱን ያስገባል። ሰብል ላይ ቢያርፍ ናፍጣው ራሱ ቅጠል ያቃጥላል፣ የመርጫውንም ጎማዎች ያሳብጣል። ለዚህ ሥራ ናፍጣ የሚችል ጎማ ያለው የራሱ መርጫ ይመደባል፤ ያም መርጫ ወደ ጤፍ ማሳ አይገባም።