ሳናውቀው ቆዳችንን የሚጎዱ ልማዶች፦ ከፎገራ የሩዝ ማሳ እስከ ሙሽራዋ ሂና



በክረምት ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ውሃ የተኛበት አረንጓዴ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት የሚንጣለሉበት ይህ የፎገራ ሜዳ ድሮ ስሙ የሚነሳው በከብቱ ነበር። ከአርባ ዓመታት በፊት ገደማ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ሩዝ ዘርተው ካሳዩ ወዲህ ግን የአገራችን ሩዝ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ፎገራ ሆኗል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው ወረታ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ሩዙ አይደለም። ሩዙን ስለሚያርመው ሰው ቆዳ ነው። ቆዳ ሲታመም ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው የንጽሕና ጉድለትን ነው። ይህ አንዳንዴ እውነት ነው። በአካባቢያችን ደጋግመን የምናየው ጉዳት ግን አብዛኛው የሚመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ለሥራ፣ ለንጽሕናና ለውበት ብለን በየቀኑ ከምናደርገው ነገር።

ከእግር እንጀምር። ሩዝ በአንድ ክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ በእጅ ይታረማል። የሚያርመው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጆች ጭምር፣ ከጠዋት እስከ ማታ እግሩ ጭቃና ውሃ ውስጥ ነው። የቆዳችን የላይኛው ክፍል እንደተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው ብንል አንሳሳትም። ከውጭ የሚመጣውን የሚመልሰው፣ ከውስጥ ያለውን እርጥበት የሚይዘው ልስኑ ነው፤ የቆዳ ልስን ደግሞ ስብ ነው። ዝናብ ሲደጋገም የግድግዳው ልስን እንደሚላላው ሁሉ ለሰዓታት ውሃ ውስጥ የቆየ ቆዳም ነጭ ሆኖ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ ከዚያ በጣቶች መካከል ይላላጣል። ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ። በተሰነጠቀው ቦታ ደግሞ ባክቴሪያ ይገባና አንድ ቀን እግሩ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞ ሰውየው ከአልጋ ይውላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ነገሩ እግር እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ይህ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በሜኮንግ ወንዝ አፍ የሩዝ ማሳዎች ውስጥ የተሰማሩ የአሜሪካ ወታደሮች እግራቸው እየተላላጠ መራመድ ያቅታቸው ነበር። አዛዦቹ መጨረሻ ላይ ያገኙት መፍትሔ ቅባት አልነበረም፤ ወታደሩ በተከታታይ ከ48 ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ እንዳይቆይና እግሩን የሚያደርቅበት ጊዜ እንዲሰጠው ማዘዝ ነበር። የእኛ ገበሬ አዛዥ የለውም፤ አረሙም አይጠብቀውም። ሌሊቱ ግን የእሱ ነው። ማታ እግርን በንጹህ ውሃ ታጥቦ፣ የእያንዳንዱን ጣት መካከል በጨርቅ አድርቆ፣ ያለ ካልሲ ማደር ትልቅ ሕክምና ነው። ቦቲ ጫማ ጥሩ ነው፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ቀኑን ሙሉ ካላወለቁት ግን ከባዶ እግር የባሰ ነው። ውሃውን ደፍቶ፣ እግርን አድርቆ እንደገና መልበስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ውዱእም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። በቀን አምስት ጊዜ እግርን መታጠብና በጣቶች መካከል ውሃ ማዳረስ ለቆዳ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ጭቃውንና ላቡን ያነሳል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሶላት እንዳያልፈን እየተጣደፍን እርጥብ እግራችንን ካልሲ ውስጥ፣ ወይም አየር በማያስገባው የፕላስቲክ ጫማ ውስጥ እንከታለን። ከውዱእ በኋላ በፎጣ ማድረቅ ችግር እንደሌለው አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ትንሽ ፎጣ በኪስ መያዝ፣ የየራስን መያዝ ማለታችን ነው፣ ከብዙ ማሳከክ ያድናል። በመስጂድ በር ላይ የተሰቀለውን አንድ ፎጣ ሁሉም የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ፈንገሱን ተካፈልነው ማለት ነው።

ከሜዳው ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ቀዩ አፈር ባለበት ደጋ ደግሞ ሌላ የእግር ጉዳት አለ፤ ዝሆኔ። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣ ነው፤ በትውልድ ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦችን ያጠቃል። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ መታጠብ ይከላከለዋል። በዝሆኔ ምክንያት ሰው ከሠርግና ከለቅሶ የሚገለልበት ልማድ ከበሽታው ባልተናነሰ ይጎዳል።

ከማሳው ሳንወጣ ስለ መርጨት እናንሳ። ቱፎርዲና ሌሎች የአረምና የተባይ መድኃኒቶች በሩዙም፣ በበጋ በመስኖ በሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ላይም ይረጫሉ። በባዶ እጅ በጥብጦ፣ የሚያንጠባጥብ መርጫ በጀርባ ተሸክሞ፣ በዚያው ልብስ ቤት ገብቶ ልጅ ማቀፍ የተለመደ ነው። ቆዳ መድኃኒቱን ወደ ደም ያስገባል፤ ላብ ያለበት ቆዳ ደግሞ ይብስበታል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ከርጭት በኋላ ወዲያው በሳሙና መታጠብ የግድ ነው። ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ።

አሁን ወደ ፊታችን እንምጣ። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በእኩለ ቀን ቀጥ ብላ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። ሁለተኛው ጊዜ ልክ የሩዝ አረም ወቅት ነው። ደመና አለ ብለን እንዘናጋለን፤ ስስ ደመና ግን ጨረሩን አያቆመውም። ጥቁር ቆዳ ተፈጥሯዊ ጥበቃ አለው፤ በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በእኛ ላይ ብዙም የማይታየው ለዚህ ነው። ያ ጥበቃ ግን ከማድያት አያድንም። በተለይ በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መከላከያ በሚወስዱ እህቶች ላይ ጉንጭና ግንባር ላይ የሚወጣው ቡናማ ጥላ በፀሐይ ይባባሳል። ጃንጥላ፣ ሰፊ ኮፍያ ወይም ፊት ላይ ጥላ እንዲጥል ተደርጎ የተሳበ ነጠላ ዋጋ የማይጠይቅ መከላከያ ነው። ሂጃብ አንገትንና ጆሮን ይሸፍናል፤ ጉንጭን ግን አይሸፍንም።

ማድያቱ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው ብዙ ጊዜ ከማድያቱ የከፋው። አንዷ ሎሚ ቆርጣ ፊቷን ታሻለች። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ ቋጥሮ ከዳነ በኋላ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ሌላዋ በረኪና በጥብጣ ትታጠባለች፤ ይህን ባናምን ደስ ይለን ነበር። አብዛኞቹ ግን ገበያ ወርደው ቱቦ ይገዛሉ።

ስለዚህ ቱቦ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም ተጠቃሚዋን የሚያታልላት በትክክል መሥራቱ ነው። «ፊት ያጠራል» እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ብዙ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ሲሆን ችፌንና ሌሎች ቁጣዎችን የሚያበርድ ጥሩ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ሲቀባ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ መቅላቱን ያጠፋል፣ የቆዳን ቀለም መሥሪያም ያዳክማል። ስለዚህ ሠርጓ ሁለት ወር የቀራት ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ጎረቤት ሁሉ «ማሻአላህ፣ ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላታል። እሷም ለእህቷና ለጓደኛዋ ትነግራለች። ቱቦው እንዲህ ነው ከቤት ወደ ቤት የሚዛመተው።

ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል። ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፣ ቡግር ይወጣል፣ አንዳንዴ ፀጉር ይበቅላል። ከዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊትን እስከመጨመር ይደርሳል። ያኔ ልጅቷ ደንግጣ ስታቆመው ፊቷ ይቀላል፣ ይለበልባታል፣ ያብጣል። መልሳ ስትቀባው ይረጋል። «ያለ እሱ አይሆንልኝም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የቆዳዋ ተፈጥሮ ሳይሆን መድኃኒቱ የፈጠረው ጥገኝነት ነው። በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይጣልም። ይህንኑ ቅባት ለሕፃን ሽፍታ የሚቀቡ እናቶችም አሉ፤ የሕፃን ቆዳ ቀጭን ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት ገብቶ እድገትን ሊያውክ ይችላል። ጭርት ላይ ሲቀባ ደግሞ ማሳከኩ ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ተመችቶት ውስጥ ለውስጥ ይሰፋል፤ ቅርጹ ተለውጦ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠው ቅልቅል ከዚህም ያስፈራል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም። አንዳንድ የማቅያ ሳሙናና ቅባት ሜርኩሪ ይይዛል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በእርግዝና ላይ ላለ ፅንስም አደጋ ነው። ስሙን ከጃፓኗ ከተማ ከወሰደው የሚናማታ ስምምነት ጀምሮ አገሮች ሜርኩሪ ያለባቸውን የመዋቢያ ምርቶች ለማስቀረት ተስማምተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤም እስከ 2025 ሙሉ በሙሉ እንዲቆሙ ወስነዋል። የገበያው መደርደሪያ ግን ስምምነት አያነብም። ማሸጊያው ላይ ሜርኩሪ፣ ካሎሜል፣ ሃይድሮኩይኖን ወይም ከላይ የጠቀስናቸው የስቴሮይድ ስሞች ካሉ፣ ወይም ምንም ስም ከሌለ፣ አይገዛ።

ከሠርግ ሳንርቅ ስለ ሂናም እንጨምር። የሂና ቅጠል ለብዙ ሰው ጉዳት የለውም። የእውነተኛ ሂና ቀለም ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። አሁን በዒድና በኒካህ ጊዜ የሚፈለገው ግን በግማሽ ሰዓት ኩል የመሰለ ጥቁር የሚሆነው ነው። ያ ጥቁረት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተቀላቀለው የፀጉር ቀለም ነው፤ ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል አለበት። በአውሮፓ ፒፒዲ በፀጉር ቀለም ውስጥ ከሁለት በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ቆዳ ላይ መቀባቱ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። እኛ ግን በግምት በጥብጠን የሙሽራዋን እጅ እስከ ክርን እንሞላዋለን። አንዳንዷ በሦስተኛው ቀን የአበባው ቅርጽ ውሃ ቋጥሮ ይነሳባታል። ሰውነቷ አንዴ ከተቆጣ ቁጣው ዕድሜዋን ሙሉ ይኖራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሽበቷን ልትቀባ ስትል ፊቷ ያብጣል። ስለዚህ ሂና የምትቀባውን ሴት «ምን ጨምረሽበታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው፤ የቆዳ ተፈጥሮ ትንሽ አሲዳማ ሲሆን ሳሙናው ግን ልስኑን የሚያጥብ ኃይለኛ አልካሊ ነው። በጣም የፈላ ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው እርጥበት እንዳለው ቫዝሊን መቀባት ርካሽና ጥሩ ነው፤ ቫዝሊን ያጠቁራል የሚባለው ልክ አይደለም፤ የሚያጠቁረው ፀሐዩ ነው። ፀጉርን ታጥቦ ሳይደርቅ በሂጃብ አጥብቆ መሸፈን ለፎረፎርና ለራስ ቅል ማሳከክ ይዳርጋል። ለተቃጠለ ቦታ የጥርስ ሳሙናና ሊጥ አይቀባም፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው።

በራሳችን መሞከር የሌለብን ነገሮችም አሉ። ፊት ላይ ወጥቶ ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቀለሙ የነጣና ሲነካ ስሜት የሌለው ቦታ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት በእንክብል ይድናል፣ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ለሁለቱም መጀመሪያ በአቅራቢያችን ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከዚያ ሲላክልን ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈራል መሄድ ነው።

ቅባት ስትጠቀሙ ቆይታችሁ ፊታችሁ የተቆጣ እህቶችም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ቱቦውን አትጣሉት። አፍራችሁም አትደብቁት። ባዶም ቢሆን ከነካርቶኑ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ነው።