የድንኮች ምሽግ ስንት ያወጣል?

እስቲ አንድ ወንበር አስቡ። ከተራ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ሠሪውም ገና ጀማሪ ነው። ዋጋው 10 ነው እንበል። ያንኑ ወንበር ከወርቅ ብንሠራው 300 ይሆናል። የወርቁን ወንበር የተካነ ባለሙያ ሠርቶት «ድንቅ ሥራ» ከተባለ ደግሞ 3,600 ይገባል። የሚቀመጥበት ግን ያው አንድ ሰው ነው!

ይህ ሒሳብ «ድዋርፍ ፎርትረስ» ከሚባል የኮምፒውተር ጌም የተወሰደ ነው። ታርን አዳምስ እና ዛክ አዳምስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው የፈጠሩት። በ2006 እ.ኤ.አ. በነፃ ሲለቀቅ ሁሉም ነገር የሚታየው በፊደልና በምልክት ነበር፤ በሥዕል ታጅቦ ለሽያጭ የቀረበው በ2022 ነው። እስከዚያው ግን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 ከስብስቡ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ጨዋታው የሚጀምረው በ7 ድንኮች ነው። ድንክ ስንል በሰሜን አውሮፓ ተረቶች ውስጥ ያሉትን፣ ተራራ እየፈለፈሉ የሚኖሩትን ጢማም አንጥረኞች ማለታችን ነው። እነሱን ይዛችሁ ተራራ ትቆፍራላችሁ፣ ምሽግ ታንጻላችሁ፣ ታርሳላችሁ፣ ታነጥራላችሁ። ጌሙ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ ያላችሁን ሁሉ ይቆጥራል።

እንዴት ይቆጥራል? እያንዳንዱ ዕቃ መነሻ ዋጋ አለው። አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር 10፤ ሐውልት 25። ይህ መነሻ በሁለት ቁጥሮች ይባዛል።

የመጀመሪያው ቁጥር የተሠራበት ነገር ነው። ተራ ድንጋይና እንጨት 1፣ መዳብ 2፣ ብረት 10፣ ብርም 10፣ ወርቅ 30፣ ፕላቲነም 40 ናቸው። አዳማንታይን የሚባል፣ በጌሙ ዓለም ብቻ ያለ ማዕድን 300 ነው። ይህን የሚያገኘው በጣም ጠልቆ የቆፈረ ነው። እዚያ ታች ከማዕድኑ ጋር ምን እንደሚጠብቃችሁ ግን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት።

ሁለተኛው ቁጥር የእጅ ሥራው ጥራት ነው፤ ለእኔ በጣም የሚገርመኝም ይሄኛው ነው። ተራ ሥራ 1፣ ከዚያ እንደ ደረጃው 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቀጣዩ ደረጃ፣ «ድንቅ ሥራ» የሚባለው፣ 6 ይሆናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ 12 ነው። ከዚያም በላይ አንድ አለ። አንዳንዴ አንድ ድንክ ድንገት መንፈስ እንደያዘው ሆኖ ሥራ ቤት ይዘጋና «ይህን አምጡ፣ ያንን አምጡ» ይላል። የጠየቀው ከተሟላለት በዓለም አንድ ብቻ የሆነ፣ የራሱ ስም ያለው ዕቃ ይሠራል፤ ካልተሟላለት ያብዳል። የዚያ ዕቃ ማባዣ 120 ነው!

እንሞክረው። ስም ያለው የወርቅ ወንበር፦ 10 × 30 × 120 = 36,000። ድንቅ ሥራ የሆነ የአዳማንታይን ወንበር፦ 10 × 300 × 12 = 36,000። እኩል ሆኑ! አንዱን ውድ ያደረገው ማዕድኑ ነው፣ ሌላውን ያ በሩን የዘጋው ድንክ።

እዚህ ላይ መደመርና ማባዛት ምን ያህል እንደሚለያዩ ልብ በሉ። ወርቅ ቤት ስትሄዱ ወርቁ በግራም ይመዘናል፣ ከዚያ የሠሪው የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል። በጌሙ ግን የእጅ ዋጋ አይደመርም፤ ይባዛል። ስለዚህ ጎበዝ አንጥረኛ ድንጋይ ሲሠራ ከሚያመጣው ጭማሪ ወርቅ ሲሠራ የሚያመጣው 30 እጥፍ ነው። በዕቃው ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ግን ለብቻው ተሰልቶ ይደመራል እንጂ አይባዛም። ብልህ ተጫዋች ምርጡን ባለሙያ ከምርጡ ማዕድን ጋር የሚያገናኘው ለዚህ ነው።

ምግብም እንዲሁ ነው። አራት ዓይነት ነገር ገብቶበት የሚሠራ ወጥ እያንዳንዱ ግብዓት የራሱ ጥራት አለው፤ ዋጋው ተሰልቶ አንድ ላይ ይደመራል፣ ስንት ሰው እንደሚያበላም ይታያል። ጎበዝ ወጥ ሠሪ ያለው ምሽግ በጥቂት በርሜል ምግብ የመጡትን ሲራራ ነጋዴዎች ጭነት ጠቅልሎ ይገዛል። አንጥረኞቹ ይቀኑ ይሆናል!

የዕቃዎቹ ዋጋ ከግንባታው፣ ከተለሰኑትና ቅርጽ ከተቀረጸባቸው ግድግዳዎች ዋጋ ጋር ሲደመር «የተፈጠረ ሀብት» ይባላል። ለነጋዴ የሸጣችሁት ለብቻው ይመዘገባል። ቁጥሩን ለማየት ግን ዋጋ መገመት የሚችል ደላላ ያስፈልጋችኋል፤ እሱ ከሌለ ስንት እንዳላችሁ አታውቁም።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይሠራል? ዝናችሁን ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙር ስደተኞች ደሃም ብትሆኑ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ሰው ብዛት በሀብታችሁ ወሬ ላይ ይመሠረታል። ወሬውን ደግሞ ጠላትም ይሰማል። ጎብሊኖች ለከበባ የሚነሱት የሕዝባችሁን ብዛት፣ የፈጠራችሁትንና የሸጣችሁትን ሀብት አይተው ነው።

ችግሩ ቁጥሩ ሁሉንም ነገር አለማየቱ ነው። የጦር ዕቃ የሚሠራበት አረብ ብረት ማባዣው 30 ነው፣ ልክ እንደ ወርቅ። አረብ ብረት የለበሰ ወታደር በር ላይ ቆሞ ምሽጉን ያድናል፤ የወርቅ ወንበር ግን ማንንም አያድንም። ለሒሳቡ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጓዳው ባዶ ሆኖ ድንኮቹ ሲራቡም ሳሎኑ በወርቅ ከተሞላ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ይህ የጌም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ እንዴት እንደሚለካ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሳይመን ኩዝኔትስ በ1934 እ.ኤ.አ. ለአገሪቱ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ የገቢው ቁጥር ብቻውን የሕዝቡን ደኅንነት እንደማያሳይ አስጠንቅቆ ነበር። ለኪው ራሱ ነበር እንግዲህ ይህን ያለው።

የጌሙ ፈጣሪዎችም ገንዘብ ነክ ነገር ሲሠሩ ተቸግረዋል። በድሮዎቹ ቅጂዎች ድንኮቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ለክፍላቸው ኪራይ ይከፍሉ፣ ሳንቲምም ይዘው ይዞሩ ነበር። አሠራሩ ከጥቅሙ ጣጣው በዛና በ2010 በወጣው ቅጂ ተወገደ። ዛሬ ድንኮቹ በመካከላቸው ኪራይ የለም፤ ዋጋ የሚቆጠረው ለነጋዴና ለዝና ነው።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሀብታቸውን ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። የወርቁን ድንጋይ ሳያቀልጡ በመጋዘን ያስቀምጡና ቅድሚያ ወታደሮቻቸውን ያስታጥቃሉ። ግን ያ የአረብ ብረት ጥሩርም እኮ ዋጋው በ30 ይባዛል፤ ጎበዝ አንጥረኛ ከሠራው ደግሞ በ12። ለመከላከያ የተሠራው ሁሉ ራሱ የሀብቱን ቁጥር ከፍ ያደርጋል።