እናት ካለፈች በኋላ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች የት ይኖራሉ?

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ፣ ከደባርቅም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ድብ ባሕር የገባ መንገደኛ ትምህርት ቤቱንም፣ ጤና ጣቢያውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ያያል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለበት አዋቂ ተብሎ የተሠራ ማደሪያ ግን አያይም። ሰዎቹ የሉም ማለት አይደለም፤ ያሉት እናታቸው ጓዳ ውስጥ ነው።

ስለ አዳሪ እንክብካቤ ጥራት ስናወራ መጀመር ያለብን ከዚሁ ጓዳ ነው። በአገራችን ትልቁ የእንክብካቤ ቤት እሱ ነው፤ ሠራተኛዋ አንዲት ሴት ናት፤ ተረኛ የላትም፣ ፈቃድ አትወጣም። ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትወጣ ስትነሳ ልጁን የሚይዝላት ጎረቤት ካጣች በሩን ቆልፋበት ትሄዳለች። ሲብስባት ከምሰሶው ጋር በገመድ ታስረዋለች፤ ገመዱ እጁን እንዳይልጠው ጨርቅ ትጠቀልልበታለች። ይህን የሰማ ከተሜ ጭካኔ ነው ይላል። ቤቷ ገደል አፋፍ ላይ ለሆነ፣ ልጇም በር በተከፈተ ቁጥር ለሚሮጥባት ሴት ግን ሌላ ምን ተሰጥቷታል? ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸው ሰዎች በሰንሰለት ወይም በተዘጋ ክፍል የሚያዙባቸውን 60 ያህል አገሮች ቆጥሯል።

ከገመዱ ጋር እፍረቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያገኛቸውን 102 ተንከባካቢዎች ጠይቆ ነበር። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 27 ያህሉም ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ በዋና ከተማ የሚኖሩ፣ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ ድረስ የመጡ ናቸው። የሊማሊሞን ግርጌ አንባቢ ይገምተው።

ከቤት ውጭ ያለው የመጀመሪያው በር ጸበል ነው። ጸበል ቦታ ሳምንትም ወርም ይከረማል፤ በሽተኛው ብቻውን አይሄድም፣ አስታማሚ አብሮት ያድራል። ይህ በዘመናዊ ተቋም በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ተስፋ የተደረገው ፈውስ ሲዘገይ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነትም ኦቲዝምም እንደ ወባ መጥቶ የሚሄድ በሽታ ስላልሆነ ቤተሰቡ ከአንዱ ጸበል ወደ ሌላው ሲዞር ዓመታት ያልፋሉ፣ ጥሪትም ያልቃል። ሆስፒታሉም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታልና ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው የገፈርሳ ማገገሚያ የተቋቋሙት ለአእምሮ ሕሙማን ነው። ታክሞ የሚወጣ ነገር የሌለው ሰው እዚያ ሲገባ መውጫው ይጠፋል።

ኦቲዝም በአደባባይ እንዲነገር ያደረጉት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ሴት ነበሩ፤ የገዛ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስም አልተቀመጡም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ፤ ለዳውን ሲንድረም ደግሞ ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ። ሥራቸው የቀን ሥራ ነው፤ ልጁ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእኔ እምነት ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ግን ልጁ ያድጋል፣ እናት ታረጃለች፤ ከሰዓት በኋላ የሚመለስበት ቤት አንድ ቀን ባዶ ይሆናል።

ያን ጊዜ የሚቀሩት ደጋግ እጆች ናቸው። የማዘር ቴሬዛ እኅቶች በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች ማንም የማይነካቸውን ሰዎች ያነሳሉ። በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሺዎችን ከጎዳና ሰብስቧል። መንግሥት ያልሞላውን ቦታ ሞልተዋልና ምስጋናው ይገባቸዋል። የመቄዶንያ መሪ ቃል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ከጎዳና ለማንሳት፣ ለማጠብና ለማጉረስ በእርግጥም በቂ ነው። መናገር የማይችል፣ ድምፅ የሚረብሸው፣ ሲጨንቀው እጁን የሚነክስ ጎልማሳ ለማኖር ግን አይበቃም፤ እዚያ ጋ ሥልጠና፣ በቂ ሠራተኛና ጊዜ ያስፈልጋል። አረጋዊ፣ የአእምሮ ሕመምተኛና ኦቲዝም ያለበት ወጣት በአንድ ግቢ ሲኖሩ የሦስቱም ፍላጎት ለየቅል መሆኑ ይረሳል።

ታዲያ ጥራት በምን ይታወቃል? በጎብኚ ቀን በሚታየው ንጹሕ አንሶላ አይደለም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሂዱና እዩ። ነዋሪው ቢያዝረከርክም ራሱ ይጎርሳል ወይስ ቶሎ እንዲያልቅ ያጎርሱታል? የለበሰው ሸሚዝ የራሱ ነው ወይስ ከክምር የደረሰው? መጸዳጃ ቤቱ መዝጊያ አለው? ሁሉም በጊዜ ከተኛ ደግሞ ምን መድኃኒት፣ በማን ትእዛዝ እንደተሰጠ ጠይቁ። ጸጥታ የደስታ ምልክት የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሀብታም አገሮችም በዚህ ፈተና ወድቀዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሎውብሩክ የተባለው ግዙፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1972 በቴሌቪዥን ሲጋለጥ አሜሪካ ደነገጠች፤ እስኪዘጋ ግን እስከ 1987 ቆየ። እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል አጠገብ የነበረው ዊንተርቦርን ቪው የተባለ ተቋም ፈቃድም ተቆጣጣሪም ነበረው። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ደጋግሞ ቢጠቁምም ሰሚ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቢቢሲ ስውር ካሜራ ነዋሪዎች ሲደበደቡ አሳየ፣ 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፣ 6ቱ ታሰሩ። ይህን ያየ «እንግዲያው ይዘጉ» ይል ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ዘጋች። የጋውቴንግ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጪ ለመቆጠብ ላይፍ ኢሲዲሜኒ ከተባሉት የአእምሮ ጤና ተቋማት ያስወጣቸውን ሰዎች ላልተዘጋጁ ድርጅቶች በተነ፤ 144 ሰዎች ሞቱ። ብዙ ሰው አጉሮ የሚይዝ ግቢ ይጎዳል፤ ምትክ ሳያዘጋጁ መበተን ደግሞ ይገድላል።

በሕጉ በኩል ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 ማንኛውም አካል ጉዳተኛ ከማን ጋርና የት እንደሚኖር የመምረጥ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ የመኖር መብት አለው ይላል። የሕፃናት ማሳደጊያዎችን የሚመለከት አገራዊ መመሪያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ግን መመሪያው ከኋላው ይቀራል።

ጎንደር በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት ያካሂዳል። ባለሙያው ቤት ድረስ ሄዶ እናትየዋ ባላት ዕቃ፣ በገዛ መደቧ ላይ ልጇን እንዴት እንደምታስቀምጥና እንደምታለማምድ ያሳያታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለ10 ዓመት የሚቆይ፣ አካል ጉዳተኝነት ላይ ያተኮረ ትብብር ጀምሯል። በአገር ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስለ ልጆች የእድገት ችግር ማሠልጠን ተሞክሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠናም በአማርኛ ተዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 መናገሻ ላይ በአዳሪ ማዕከልነት የተጀመረው የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ቼሻየር እንኳ ሥራውን ወደ ማኅበረሰቡ አውጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን መንገድና ሰላም ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይንና የሊማሊሞን ግርጌ ሲያዳርስ ሕዝቡ ሽቅብ ወደ ደባርቅ ሸሸ። በመጠለያ ጫጫታ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የያዘች እናት የት ትቀመጣለች? የተፈናቃይ መዝገብ ለዚህ ዓምድ የለውም።

አሁን በየከተማው ለማዕከል ግንባታ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ጎንደርም መቼም ተራዋ መድረሱ አይቀርም። መስጠት የምትፈልጉ ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አዘጋጆቹን ጠይቁ፦ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? ሌሊት ስንት ሠራተኛ ይነቃል? ሳይነግር መጥቶ የሚመረምረው ማነው? ከሚገነባው ትልቅ ግቢ ይልቅ በአንድ ቤት አምስት ወይም ስድስት ሰው ብቻ የሚኖርባቸው፣ እናቶች ለጥቂት ቀን እንኳ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ቤቶች በየሰፈሩ ቢከፈቱስ? መልሱን ከመሠረት ድንጋዩ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።