ዓይንን ሳይነኩ ስለ መለካት

የሰው ዓይን ሲወለድ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ርዝመት 17 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ እድገቱን ሲፈጽም 23 ወይም 24 ሚሊሜትር ይደርሳል። ነገር ግን በትምህርት ዕድሜ የአንዳንዱ ልጅ ዓይን ከልክ በላይ ይረዝማል። ያን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ስለሚገናኝ፥ ተማሪው በሰሌዳ የተጻፈውን አጥርቶ ማንበብ ይሳነዋል። የ1 ሚሊሜትር ትርፍ ርዝመት በግምት የ2.5 ዲዮፕተር መነጽር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የምትናቅ አይደለችም።

ቀድሞ ዓይን የሚለካው በአልትራሳውንድ ድምፅ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። በተለመደው አሠራር የመሣሪያው ጫፍ ኮርኒያን ስለሚነካ ዓይኑን በጠብታ ማደንዘዝ ግድ ነው። መርማሪው ጥቂት ቢጫነው ደግሞ ኮርኒያው ወደ ውስጥ ይገባና ዓይኑ ከእውነተኛው ርዝመት አጥሮ ይገኛል።

ይህን ችግር ለማስወገድ በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች ተሠሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 አይኦኤልማስተር፥ በ2008 ሌንስታር ወጡ። የመጀመሪያው የ780፥ ሁለተኛው የ820 ናኖሜትር ብርሃን ይጠቀማሉ። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም በሁለት የተከፈለ ብርሃን ልዩ ልዩ መንገድ ሄዶ ሲገናኝ፥ ሞገዶቹ በግልጽ የሚደጋገፉት የሄዱበት መንገድ ርዝመት እኩል ሲሆን ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው መንገድ ስለሚታወቅ የዓይኑም ርዝመት ይታወቃል። በኋላ የመጣው አይኦኤልማስተር 700 ግን የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በፍጥነት እየለዋወጠ የዓይኑን ውስጥ በሥዕል ጭምር ያሳያል፤ ስለዚህ ልጁ ትክክል መመልከቱን መርማሪው ያረጋግጣል።

እንግዲህ ሦስቱ ይስማማሉን? በዓይን ርዝመት ረገድ ልዩነታቸው በአብዛኛው ከሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ አያልፍም። በኮርኒያና በሌንስ መካከል ያለውን ጥልቀት ግን የመጀመሪያው ከቀጭን የብርሃን ሰንጥቅ ምስል ሲያሰላው፥ ሌንስታር በቀጥታ በሞገዶቹ መገናኘት ይለካዋል፤ ስለዚህ ውጤታቸው ሊለያይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። የሁለት መሣሪያዎች ቍጥሮች አብረው ከፍ ዝቅ ማለታቸው ስምምነታቸውን አያስረዳም። ሁልጊዜ 100 ግራም የሚጨምር የነጋዴ ሚዛንም ከትክክለኛው ሚዛን ጋር አብሮ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ገዢው ግን ይጎዳል። ስለዚህ ብላንድና አልትማን በ1986 እንዳመለከቱት፥ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የተገኘውን ልዩነት፥ አማካዩንና ስፋቱን መመርመር ያሻል።

በጎረምሶችና በኮረዶች ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። ሌንሳቸው ገና ለስላሳ ስለ ሆነ ቅርብ ሲመለከቱ ይወፍራል፤ የፊተኛውም ክፍል ጥልቀት ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱ ልኬት የሌንሱን ጡንቻ የሚያላላ ጠብታ ከተደረገ በኋላ፥ ሁለተኛው ያለ ጠብታ ከተወሰደ፥ የታየው ልዩነት የመሣሪያ ይሁን የዓይን አይታወቅም።

የነገሩ ጥቅም በሕክምና ይገለጣል። የዓይንን መርዘም ለማዘግየት የአትሮፒን ጠብታ ወይም ልዩ መነጽር የተሰጠው ልጅ፥ በዓመት ውስጥ የሚጠበቅበት ለውጥ የሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ዘንድሮ በአንዱ፥ ለከርሞ በሌላው መሣሪያ ቢለካ፥ የመሣሪያዎቹ ልዩነት የሕክምናውን ፍሬ ሊሸፍነው ወይም የሌለ ፍሬ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ማናቸውም ቢሆን፥ አንድን ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መሣሪያና በአንድ ዓይነት ሁኔታ መለካት፥ የመሣሪያውንም ስም ከቍጥሩ ጋር መጻፍ ተገቢ ነው።